ሶዶ ረዥም፣ ባሕር ማዶ አጭር

የምሄድበት ዋዜማ ቤታችን መቀመጫ አልተረፈም። የሰፈሩ ሰው፣ የአባዬ የጸሎት ጓደኞች፣ ከእማዬ ጋር ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች፣ ሁሉም መጥተው ቦታ ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ አባዬ ደግሞ ጸሎቱ ከዝናቡ እንዳያንስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጌታ ሆይ፣ ለዚህች ልጅ ይህን ሁሉ ቁመት የሰጠሃት አንተ ነህ፤ ለምን እንደሰጠሃት ዛሬ ገና ገባን» አለ። ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ። አሜን ያሉት እነዚያው ሰዎች ናቸዋ ከልጅነቴ ጀምሮ «የስልክ እንጨት» ሲሉኝ የኖሩት!

እናንተ ሶዶ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ስሜ ምሕረት ነው። የተወለድኩት ጉኑኖ፣ ያደግኩት ሶዶ ነው። አባዬ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ እማዬ ከበዴሳ ቅቤ እያመጣች የምትሸጥ ነጋዴ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላኝ ከአባዬ እኩል ሆንኩ፤ በዓመቱ ደግሞ አልፌው ሄድኩ። ቁመቱስ ይሁን፣ እጄ ነበር የባሰው። የዩኒፎርሜ እጅጌ ሁልጊዜ ክርኔ አካባቢ ያልቃል። የመዘምራኑ ቀሚስ ሲሰፋልን እማዬ ከሌላ ጨርቅ ቀጠለችበትና ከኋላ ረድፍ ቆሜ ስዘምር አንጓዬ ላይ ሌላ ቀለም ነበረኝ። ክፍል ውስጥ እስክሪብቶ የጠፋበት ልጅ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ይስቅ ነበር። እጀ ረጅም ማለት በአማርኛችን ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ!

ከዚህ ሁሉ ያወጣኝ የስፖርት መምህራችን ኮች ጴጥሮስ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ኮሪደር ላይ አስቆመኝና፣ «አንቺ፣ ነገ ሜዳ» አለኝ፤ ስሜን እንኳ አልጠየቀም። መረብ የሌለው ቅርጫት ሥር አቆመኝ። «እጅሽን ወደ ላይ አድርገሽ ቁሚ። ኳስ ሲመጣ ያዢ፣ ክተቺ። ሌላ ምንም አትሥሪ» አለ። እኔም ለዓመታት ሌላ ምንም አልሠራሁም። ኳስ መሬት ላይ እያነጠርኩ ልሮጥ ስል፣ «ምሕረት! ያ የአጭሮች ሥራ ነው!» ብሎ ይጮህብኛል። ሐዋሳ ለውድድር በሄድን ጊዜ ከእኔ የምትረዝም አልነበረችም፤ አሸንፈን መጣን። እዚያ አሠልጣኞችን ልታስተምር የመጣች ኑርሃን የምትባል ቱርካዊት አሠልጣኝ ከተመልካች መካከል ተቀምጣ አይታኝ ኖሮ፣ ወራት ቆይቶ ከክለቧ ተደወለ። ሴንተር፣ ማለትም ቅርጫት ሥር የምትቆም ረዥም ተጫዋች፣ ይፈልጋሉ። «ቁመቷ ስንት ነው?» አሉ። ኮች ጴጥሮስ እኔን ከዕቃ ቤቱ በር ጋር አስጠግቶ ለካኝ፤ ከነጫማዬ፣ አናቴ ላይ ከተጎነጎነው ጸጉሬ ጭምር። «አንድ ሜትር ከሰማንያ ስድስት!» አለ በደስታ። ክፉ አላሰበም። በእሱ ዓይን ጸጉሬም እኔው ነኝ።

የመምህራን ኮሌጅ ገብቼ ነበር፤ ትቼው ወጣሁ። አባዬ ስለዚህ ብዙ አልተናገረም፤ ግን የትምህርት ነገር ለእሱ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ያ ዝምታው ከብዶኝ ነው የሄድኩት። እማዬ በጠርሙስ ዳጣ፣ ያንን የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያችንን፣ ሞላችልኝ፣ ክዳኑን በላስቲክ ሦስት ጊዜ ጠቀለለችው። በወላይትኛ፣ «ጦሲ አንጆ» ብላ መረቀችኝ፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ ማለቷ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ግን ትንሽ ይቀዘቅዛል።

ቦሌ ላይ አባዬን ከውጭ ትቼ ገባሁና የፓስፖርት መመርመሪያው መስኮት ጋ ስደርስ ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ወዴት ነሽ?»

«ቱርክ።»

«ለቤት ሠራተኝነት?»

«ለቅርጫት ኳስ።»

«ባለፈው አንዷ ለመዝሙር ነው የምሄደው አለችኝ።»

«መዝሙርም እችላለሁ። የምሄደው ግን ለኳስ ነው።»

«ደላላሽ ማን ነው?»

«ደላላ የለኝም፤ ኮች ነው ያለኝ።»

«አሁን ደግሞ ኮች ማለት ጀመሩ?» አለና ፓስፖርቴን ሲያገላብጥ አመለጠው። በእሱ በኩል ጠረጴዛውና ግድግዳው መካከል ገባ። ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ፤ አልደረሰበትም። እኔ ከወዲህ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቼ አወጣሁለት። ፓስፖርቱንና ክንዴን እያፈራረቀ ሲያይ ቆየና ማኅተሙን መታ። «ሂጂ፣ ይቅናሽ» አለኝ።

የገባሁባት ከተማ ጥቁር ባሕር የሚባለው ባሕር ዳር ናት። ቱርክ ሲባል በረሃ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ተራራው አረንጓዴ ነው፣ ጭጋጉ ጠዋት ጠዋት ከተራራው ወርዶ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ዝናቡ አያቋርጥም። ዓይኔን ጠበብ ሳደርግ ዳሞታን ይመስለኝ ነበር። ልዩነቱ፣ በኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ሰው በረንዳ ላይ ይሰበሰብና የማያውቀውን ሰው ሁሉ ሳይቀር ያወራል። እዚያ ዣንጥላቸውን ዘርግተው፣ እያንዳንዱ በገዛ ጣሪያው ሥር ዝም ብሎ ይሄዳል።

በማግስቱ ለልኬት ወሰዱኝ። ጫማሽን አውልቂ ተባልኩ። ጸጉርሽን ፍቺ ተባልኩ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ አስጠግቶኝ ቁጥሩን ሲናገር የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጀማል ቤይ፣ አቶ ጀማል እንደማለት ነው፣ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። አንድ ሜትር ከሰባ ዘጠኝ። «ኪሳ» አለ ጀማል ቤይ። ኑርሃንን በእንግሊዝኛ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። «አጭር» አለችኝ። ወገኖቼ፣ ሳቅኩ! በሕይወቴ ሰው አጭር ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ያልገባኝ መስሏቸው ደገሙልኝ።

ቀልድ አልነበረም። የቡድኑ ሴንተር ሴቭጊ የምትባል ልጅ ልታየኝ ገባች፤ አናቴ አፍንጫዋ ጋ ነው። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ጀማል ቤይ ኑርሃን ላይ ጮኸ፤ «ሰባት ሴንቲሜትሩ የት ገባ?»

«አውሮፕላን ላይ ረስታው ይሆናል» አለች ኑርሃን፤ ግን ፊቷ ቀልቷል። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሐዋሳ ላይ በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ አጫጭር ስለነበሩ እኔን ማማ አስመስለውኝ ነው።

ሊመልሱኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቤታችን ግድግዳ ተደግፈው አሜን ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ምን ብዬ እገባለሁ? አጭር ሆኜ ተገኘሁ ልበል? ሶዶ ማን ያምነኛል?

ሐኪሙ ግን ሥራውን አልጨረሰም ነበር። ክብደቴን መዘነ፣ መዳፌን ለካ፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ አስደግፎ «እጅሽን ወደ ጎን ዘርጊ» አለኝ። ከአንዱ ጣቴ ጫፍ ወደ ሌላው በሜትር ሲሄድ ቆም አለ፤ ተመለሰና እንደገና ለካ። «ማሻላህ» አለ። አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት። በኛ አገር ሰው እጁን ቢዘረጋ ቁመቱን ያህላል ይባላል፤ እኔ ቁመቴን አልፌ ወደ ጎረቤት ገብቻለሁ። ቆሜ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋም፣ ያቺ ሴቭጊ የምትደርስበት አካባቢ ደረስኩ፤ ስዘል ደግሞ አለፍኳት።

ኑርሃን ወደ ጀማል ቤይ ዞረች። «ቅርጫቱ የሚያውቀው እጇን ነው፤ ጭንቅላቷ የት እንደቆመ ምን ገዶት?» አለችው።

እሱም፣ «ሴንተር አትሆንም። እጅ ብቻውን ሴንተር አይሆንም፤ ከብዶ መቆም ይጠይቃል፣ እሷ ሸንበቆ ናት። ክንፍ ላይ፣ ዳር ዳሩን፣ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ እያነጠረች ኳስ መንዳት አለባት። ሊጉ እስኪጀመር ጊዜ ሰጥቻችኋለሁ። ካልቻለች ትመለሳለች» አለ።

ኳስ መንዳት! የአጭሮች ሥራ!

እናንተ ልጆቻችሁን ቁመታቸውን አይታችሁ አንድ ቦታ የምታቆሙ ኮቾች፣ ይህን ስሙኝ። እኔ በሃያ ዓመቴ እዚያ አገር የአሥር ዓመት ሕፃናት የሚችሉትን አልችልም ነበር። ኳሱን ሳነጥር ወይ እግሬን ይመታል ወይ እንደተባረረች ዶሮ ያመልጠኛል። እጄ ረዥም ስለሆነ ኳሱ ከመሬት እስከ መዳፌ ብዙ መንገድ አለው፤ በዚያ መንገድ ላይ ማንም ይሰርቀዋል። «ዝቅ በይ!» ትለኛለች ኑርሃን። «ጉልበትሽን እጠፊ! ይበልጥ እጠሪ!» ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው እኩል ለመሆን ጎብጬ የኖርኩ ልጅ፣ አሁን በደመወዝ ጎንበስ በይ ተባልኩ።

ማረፊያዬ ኤሚኔ ሃኒም፣ ወይዘሮ ኤሚኔ እንደማለት ነው፣ የምትባል ባልቴት ቤት ነበር። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት በሩ ላይ ቆማ በኑርሃን አስተርጓሚነት ጠየቀችኝ።

«ምን ያህል ትበላለች?»

«እንደ ሰው» አልኩ።

«እንደ የትኛው ሰው? እንዲህ ዓይነት ሰው እኔ ቤት ገብቶ አያውቅም። አልጋው አይበቃትም፤ እግሯ ከወጣ ብርድ ልብስ አልጨምርም። መብራቱንም በጭንቅላቷ ከሰበረች ትገዛለች።»

«ለክለቡ እኮ አጭር ናት» አለቻት ኑርሃን።

«የክለቡን ረዥም አያድርስብኝ!» አለች ኤሚኔ ሃኒም።

ከልምምድ መልስ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ ኳስ አነጥራለሁ፤ እሷ ከታች ሆና በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድባለች። አንድ ቀን ድብደባው ቆመና በሬ ተንኳኳ። ልታስወጣኝ ነው ብዬ ከፈትኩ። ትኩስ መጥበሻ ይዛ ቆማለች። ቢያንስ እየበላሽ ዝም ትያለሽ ማለቷ መሰለኝ። ቀምሼ ቁጭ አልኩ። የበቆሎ ዱቄት፣ በቅቤ የራሰ፣ አይብ የተቀላቀለበት! ኩይማክ ይሉታል። ንገሩኝ እስቲ፣ በቆሎ፣ ቅቤና አይብ ተገናኝተው እኔ ወዴት ልሂድ? ያ የእኛ ቤት ነው እኮ! በማግስቱ ደግሞ ጎመን ሾርባ ከበቆሎ ዳቦ ጋር ሠራች። የእማዬን ዳጣ አውጥቼ ጨመርኩበት። ኤሚኔ ሃኒም በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች፣ አለቀሰች፣ ውኃ ጠጣች፣ እንደገና ቀመሰች። ከዚያ ወዲህ ኳስ ሳነጥር መጥረጊያው አልተሰማም። እንዲያውም ቆም ካልኩ ከታች ሆና «ኪዝም፣ ደከመሽ ወይ?» ትለኝ ጀመር፤ ልጄ ማለቷ ነው።

የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እነሱ ኢካሜት ይሉታል፣ ልቀበል የሄድኩበት ቢሮ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ፎቶዬን እያየች «ሥራ?» አለችኝ።

«ቅርጫት ኳስ ተጫዋች።»

«በፎቶው ላይ ረዥም አትመስይም።»

«በፎቶው ላይ እኮ ያለው ፊቴ ብቻ ነው።»

«በቴሌቪዥን የማያቸው ከአንቺ ይረዝማሉ። እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔም እየተጠራጠርኩ ነው» አልኳት። ኑርሃን ከጎኔ በሳቅ ሞተች፤ ሴትዮዋ ግን ሳትስቅ ፈረመች።

ሊጉ ሊጀመር ሲል የልምምድ ጨዋታ አደረግን። ጀማል ቤይ ከመስመሩ ዳር ቆሟል። የተቃራኒው ቡድን ልጅ እኔ የራቅኋት መስሏት ዘና ብላ ኳስ አቀበለች፤ ጣቴ መሐል መንገድ ላይ አገኘው። ይህን አራት አምስት ጊዜ ደገምኩት። ልጅቷ በመጨረሻ ኳሱን ይዛ ቆማ ትክ ብላ አየችኝ፤ ከየት ነው የምትደርሺብኝ የምትል ትመስላለች። ኳሱን ይዤ ስሮጥ ሁለቴ አምልጦኛል፤ ሦስተኛው ገባ። ጀማል ቤይ ሲጋራውን ረግጦ አጠፋና «ትቆይ» ብሎ ወጣ።

ይሁን እንጂ መቆየትና መጫወት ይለያያሉ። ክረምታቸውን በሙሉ አብዛኛውን ጨዋታ ወንበር ላይ ነው ያሳለፍኩት። በረዶ ወረደ፤ ጣቶቼ ኳሱ ሲነካቸው እንደ ብርጭቆ የሚሰበሩ ይመስለኝ ነበር። ሜዳ ስገባ በዳሌያቸው ገፋ ሲያደርጉኝ ከመስመር ውጭ እገኛለሁ። ጀማል ቤይ እውነቱን ነው፣ ሸንበቆ ነበርኩ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ብረት አነሳሁ፣ የኤሚኔ ሃኒምን ኩይማክ በላሁ፣ ሴቭጊ ደግሞ፣ አምላክ ይስጣት፣ ከልምምድ በኋላ እየቀረች እንዴት እንደምትገፋ እየገፋች አስተማረችኝ። «አንቺ ከኔ አትከብጂም» ትለኛለች፤ «ግን ከኔ ቀድመሽ ቦታው ላይ መድረስ ትችያለሽ።» የሰውነት ነገር እንዲህ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ለሁሉም የተሰጠ ልክ አለ፤ ልኩ ግን ሥራ አይሠራም። የሚሠራው ሰውዬው ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ያሸነፈ ወደ ትልቁ ሊግ ይወጣል፤ የተሸነፈ እዚያው ይቀራል። ተጋጣሚዎቻችን ሁለት ሜትር ልትሞላ ጥቂት የቀራት ሴት አለቻቸው። ስታልፍ መብራቱ የሚደበዝዝ ይመስላል። ሴቭጊ ሙሉ ጨዋታውን ስትታገላት ቆይታ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ፋውሏ ሞልቶ ከሜዳ ወጣች። ኑርሃን ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር አየችና እኔ ላይ ቆመች።

«ምሕረት፣ አንቺ ያዣት።»

«እኔ? እሷን?»

«ከኋላዋ አትቁሚ፤ ትጨፈልቅሻለች። ከፊቷ ቁሚ። እሷን መግፋት ተዪው፤ ኳሱን መንገድ ላይ አግኚው።»

ገባሁ። ሴትዮዋ ቁልቁል አየችኝና ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አልፈረድኩባትም። ከፊቷ ቆምኩ። በላዬ ላይ ኳስ ሊያሳልፉላት ወረወሩ፤ ዘልዬ በጣቴ ጫፍ ነካሁት፣ ወጣ። እንደገና ወረወሩ፤ እንደገና ነካሁት። አሠልጣኛቸው «ከፍ አድርጉት!» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። ከፍ ሲያደርጉት ኳሱ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ልጆቻችን ይደርሱለታል። ፈገግታዋ ጠፋ።

በአንድ ነጥብ ተመርተናል፣ የቀረው ትንፋሽ ለመውሰጃ የሚሆን ጊዜ ነው። ኳሱ የእነሱ ነው። የሚያቀብለው እጅ ወዴት እንደሚዞር አየሁና ቀደምኩ፤ ኳሱ መዳፌ ላይ ልጥፍ አለ። ከፊቴ ሜዳው ሁሉ ባዶ ነበር። ባዶ ሜዳ ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኳስ መንዳት! ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ዝቅ አልኩ፣ ሮጥኩ። ኳሱ አንድ ጊዜም አላመለጠኝም። ከኋላዬ የዚያች ሴት እርምጃ እንደ ከባድ መኪና ይመጣል። ዘለልኩ፣ እጄን ሰደድኩ፣ ኳሱ ከቅርጫቱ በላይ ያለውን መስተዋት ነክቶ ገባ፤ በአንድ ነጥብ በለጥናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ሴቭጊ እንደ ሕፃን አንሥታኝ ነበር፤ ካደግኩ ወዲህ ማንም አንሥቶኝ የማያውቀኝን ልጅ። ኤሚኔ ሃኒም፣ ኳስ አይታ የማታውቀው ባልቴት፣ ተመልካቾች መካከል ቆማ «ኪዝም! የኔ ቤት ነው የምትኖረው!» እያለች ለማያውቃት ሁሉ ትናገራለች።

ጀማል ቤይ መጥቶ ለቀጣዩ ጊዜ እንደ ሙሉ ፕሮፌሽናል ልፈርም ጠየቀኝ። ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ሲቀበለኝ ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

«እህት አለሽ?»

«አለችኝ። ግን አጭር ናት።»

«እጇስ?»

በማግስቱ ጠዋት ከባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። ሶዶ የገበያ ቀን ስለነበር እማዬ ስልኩን ያነሳችው ቅቤዋ ፊት ተቀምጣ ነው። ጫጫታው ሁሉ ይሰማኛል፤ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ዋጋ የሚከራከሩ ሰዎች፣ በግ።

«እማዬ፣ አሸነፍን!»

«ማንን?»

«ሁሉንም። አንዷማ ሁለት ሜትር ልትሞላ ትንሽ ነው የቀራት!»

ዞር ብላ በወላይትኛ ለሴቶቹ ስትነግራቸው ሰማሁ። ነገሩን እንዴት አድርጋ እንደጨመረችበት አላውቅም፤ ያቺ ሴትዮ በእሷ አፍ ከዛፍ በልጣ ነበር። ከዚያ እልልታው መጣ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት፤ በአጠገቤ የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ ቆሞ አየኝ። ሴቶቹ ተራ በተራ ስልኩን ተቀበሉ፤ «ሳሮ! ሳሮ!» ብለው ሰላምታ ከመስጠት ሌላ ምንም ለማለት ትንፋሽ የነበራት አልነበረችም። አባዬ ትምህርት ቤት ነው፣ ሰው ልከንበታል አሉ።

በመጨረሻ ስልኩ እማዬ ጋ ተመለሰ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«ለጊፋታ ትመጫለሽ አይደል?»

ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን፣ የሚውለው የትልቁ ሊግ ልምምድ በሚጀመርበት ሰሞን ነው። የፈረምኩት ትናንት ነው። ባሕሩ ከፊቴ ጸጥ ብሏል፤ ተራራው ላይ ጭጋጉ ገና አልተነሣም።

«እማዬ» አልኳት።

«እሺ፣ ገባኝ» አለችኝ፤ ምንም ሳልላት። ቀጥላ ግን፣ «አትዝጊው። ገዢ መጥቶ ነው፣ ላስተናግደው፤ አንቺ እዚያው ጠብቂ» አለችና ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔም አልዘጋሁም። የሶዶን ገበያ እየሰማሁ ተቀመጥኩ።